ኩፍኝ ቤት ከገባ በኋላ ክትባት ምን ያህል ያድናል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፦ በሽተኛው እዚሁ አንድ ጣሪያ ሥር ሲሆን ክትባት ምን ያህል ይከላከላል? ጥያቄዎቹን አሳጥረን፣ የላኪዎቹን ስም ትተን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ጠዳ አካባቢ የምሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። በቀበሌያችን ኩፍኝ ገብቶ ነበር። ከታመሙት ልጆች ከግማሽ በላይ የተከተቡ ሆነው ተገኙ። እናቶች «የታመሙት የተከተቡት ናቸው እኮ፤ ታዲያ ምን ሠራ?» ሲሉኝ መልስ አጣሁላቸው።

መልስ፦ እህታችን፣ እናቶቹ የታመሙትን በትክክል ቆጥረዋል። ያልቆጠሩት ያልታመሙትን ነው። ወረቀት ያውጡና ይህን ስሌት አብራችሁ ሥሩት።

100 ልጆች አሉ እንበል፤ ሁሉም ኩፍኝ ከያዘው ልጅ ጋር አንድ ቤት ያድራሉ። 90ዎቹ በ9 ወራቸው አንድ ጊዜ ተከትበዋል፤ 10ሩ ምንም አልተከተቡም። ኩፍኝ ያልተከተበና ከዚህ በፊት ይዞት የማያውቅ የቤት ሰው ሲያገኝ ከ10 ሰው ዘጠኙን ይይዛል። ስለዚህ ካልተከተቡት 10 ልጆች 9ኙ ይታመማሉ። ከተከተቡት 90 ደግሞ 12 ያህል ይታመማሉ። ጠቅላላ ታማሚው 21 ሲሆን 12ቱ የተከተቡ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። እናቶቹ ያዩት ይህንን ነው።

አሁን ለየብቻ ያካፍሉ። ከተከተቡት 12 ለ90፣ ማለትም 0.13። ካልተከተቡት 9 ለ10፣ ማለትም 0.9። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ሲያካፍሉት 0.15 ገደማ ይመጣል፤ ይህን ከ1 ሲቀንሱ 0.85። ክትባቱ ሊታመሙ ከነበሩት የተከተቡ ልጆች ውስጥ ከመቶ 85ቱን አትርፏል ማለት ነው። መቶውም ልጆች ተከትበው ቢሆን ኖሮ የሚታመሙት 13 ወይም 14 ብቻ ይሆኑ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ታማሚ ሁሉ የተከተበ ስለሚሆን ወሬው ይብስ ነበር። ለእናቶቹ ይህን የመጨረሻውን ነገር ሳይነግሩ አይለፉ፤ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ለምን 85 ብቻ ሆነ? ሕፃኑ ከእናቱ ማህፀን ይዞት የወጣው መከላከያ በ9 ወሩም አልፎ አልፎ ስለሚቀር፣ የክትባቱን ሕያው ቫይረስ ሥራውን ሳይጀምር ያጠፋዋል። ክትባቱ ከዓመት በኋላ ሲሰጥ ወደ 93 ከመቶ ከፍ ይላል፤ ሁለት ጊዜ ሲሰጥ 97 ከመቶ ይደርሳል። በላይኛው ስሌት 90ዎቹ ሁለት ጊዜ ቢከተቡ ኖሮ ከእነሱ መካከል የሚታመሙት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነበሩ። በአገራችን የ15 ወሩ ሁለተኛ ክትባት በመደበኛነት የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለዱት ታላላቅ ልጆች፣ በዘመቻ ካላገኙት በቀር፣ ባለ አንድ ክትባት ናቸው። እነዚህን ለይተው ይመዝግቧቸው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሰው የሚሳሳተው አቆጣጠሩ ላይ ነው። በየቤቱ መጀመሪያ የታመመውን ልጅ ከስሌቱ ያውጡት፤ እሱ በሽታውን ከውጭ ያመጣ እንጂ ቤት ውስጥ የተጋለጠ አይደለም። ከእሱ ጋር በአንድ ሰሞን፣ ማለትም ሰባት ቀን ሳይሞላ ሽፍታ የወጣባቸውም ከዚያው ከውጭ ያመጡት ስለሆኑ ይውጡ። የሚቆጠሩት ከ7 እስከ 18 ቀን ባለው ጊዜ የታመሙት ናቸው። ቀድሞ ኩፍኝ የያዛቸውንና 9 ወር ያልሞላቸውን ይተዉ። በሽታው ቤት ከገባ በኋላ የተከተቡትን «ተከታቢ» ብለው ከሌሎቹ ጋር አይደባልቋቸው፤ ክትባቱን እንዲያሙት የሚያደርገው ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ካርድ የሌለውን ልጅ፣ እናቱ «ተከትቧል መሰለኝ» ስላሉ ብቻ ከተከተቡት ጋር አያስገቡት፤ ለብቻው ይመደብ። ሽፍታ ሁሉም ኩፍኝ አይደለም፤ ጉድፍም ሩቤላም ሽፍታ አላቸውና ከወረርሽኙ መጀመሪያ ታማሚዎች ደም ተወስዶ መረጋገጥ አለበት።

ይህን ሁሉ ተጠንቅቀው ሠርተው ውጤቱ ከ80 ከመቶ በብዙ ካነሰ ፊትዎን ወደ ማቀዝቀዣው ያዙሩ። የኩፍኝ ክትባት ብርድ አይጎዳውም፤ ሙቀትና ብርሃን ግን ይገድሉታል። የሙቀት መዝገቡ በቀን ሁለት ጊዜ ተሞልቷል? ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነበር? መበጥበጫው ውሃ ከዚያው ከክትባቱ አምራች የመጣና ቀድሞ የቀዘቀዘ ነበር? ከተበጠበጠ 6 ሰዓት ያለፈው ብልቃጥ ጥቅም ላይ ውሎ ይሆን? በብልቃጡ ላይ ካለው ክብ ውስጥ ያለችው አራት ማዕዘን ከክቡ ቀለም ጋር ከተመሳሰለች ወይም ከጠቆረች ክትባቱ ሞቷል፤ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመቱ ልጄ ትናንት ሰኞ ፊቱ ላይ ሽፍታ ወጣበት፤ ጤና ጣቢያ ኩፍኝ ነው አሉኝ። ሁለተኛዋ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በ9 ወሯ ብቻ ተከትባለች። ትንሹ የሰባት ወር ነው። ነፍሰ ጡር እህቴም አብራን ትኖራለች። አማቴ «ኩፍኝ ባለበት ቤት መርፌ አይገባም» ይላሉ። (እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ሁለቱን ልጆች ዛሬውኑ ይዘው ይሂዱ። ደብዳቤዎን እንዳነበብን በስልክ ያልንዎትም ይህንኑ ነው፤ እዚህ የምንጽፈው ምክንያቱን ነው።

ኩፍኝ መተላለፍ የሚጀምረው ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን አስቀድሞ ነው፤ ልጁ ጉንፋን የያዘው በሚመስልበት፣ ዓይኑ ቀልቶ አፍንጫው በሚፈስበት ጊዜ። ሽፍታው ከወጣ በኋላም አራት ቀን ይተላለፋል። ሽፍታው ሰኞ ከወጣ፣ አብረውት የሚተኙት ታናናሾቹ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ተጋልጠዋል። ክትባት የተጋለጠን ሰው የሚያድነው ደግሞ ከተጋለጠበት ሰዓት አንሥቶ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው፤ የገባው ቫይረስ ትኩሳት እስኪያስነሣ 10 ቀን ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ክትባቱ የሚቀሰቅሰው መከላከያ ቀድሞ ሊደርስበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በኒው ዮርክ ከተማ በተነሣ ወረርሽኝ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ የተከተቡ ንክኪ ያላቸው ሰዎች ካልተከተቡት ይልቅ የመታመም ዕድላቸው በ83 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እናንተ ቤት ግን ቆጠራው ከሐሙስ ይጀምራል፤ ማክሰኞ አምስተኛ ቀን ነው። አንድ ክፍል ውስጥ በሚኖር ቤተሰብ 72ቱ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ማንም ኩፍኝ መሆኑን ሳያውቅ ነው።

ታዲያ ለምን ሂዱ እንላለን? ሁለቱም ልጆች ሐሙስ ዕለት ተይዘዋል ማለት ስላልሆነ ነው። ሁለት ዓመቷ ልጅ ባገኘችው አንድ ክትባት ተጠብቃ ሊሆን ይችላል፤ ካልተጠበቀች ሁለተኛው ይሞላላታል። ትንሹ ከታላቁ ቢያመልጥ እንኳ፣ እህቱ ከተያዘች ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእሷ ይይዘዋል፤ ዛሬ የተከተበው ለዚያ ይደርስለታል። ጎረቤትና የክፍል ጓደኞቹ ዘንድ ደግሞ ሰዓቱ ገና ያላለቀ ሊሆን ስለሚችል ለትምህርት ቤቱ ዛሬ ይንገሩ።

ለሁለት ዓመቷ፣ ከመጀመሪያው ክትባት አራት ሳምንት ካለፈ ሁለተኛው ይሰጣታል። የሰባት ወሩ ልጅ፣ 6 ወር ስለሞላው፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ ተጨማሪ ክትባት ያገኛል፤ ባለሙያዎች «ዜሮ ዶዝ» ይሉታል። ስሙ እንደሚለው አይቆጠርም፤ የ9 ወሩና የ15 ወሩ እንዳለ ይቀጥላሉ። ካርዱ ላይ በ9 ወሩ ሣጥን ውስጥ እንዳይጻፍ ይመልከቱ፤ በኋላ «ተከትቧል» ተብሎ የሚመለስ ልጅ አለ። ነፍሰ ጡር እህትዎ ይህ ክትባት አይሰጣትም፤ ሕያው ቫይረስ ነውና። በልጅነቷ ኩፍኝ ይዟት ከነበረ አትሥጋ። ካልያዛት ወይም ካላወቀች ዛሬውኑ ሐኪም ትይ፤ ከተጋለጠች እስከ 6 ቀን ድረስ የሚሰጥ ኢሚውኖግሎቡሊን የተባለ መድኃኒት አለ፤ በየቦታው ስለማይገኝ ሆስፒታል ነው የሚጠየቀው። ሌላ ቤት ትሂድ ካላችሁ፣ እሷም ተይዛ ከሆነ በሽታውን ይዛ እንደምትሄድ አስቡበት፤ ትንንሽ ልጆች ወዳሉበት ቤት አትሂድ።

ለታመመው ልጅ ቫይታሚን ኤ ያስፈልገዋል። ለእሱ ዕድሜ 200,000 ዩኒት ዛሬ፣ 200,000 ነገ፤ ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 100,000፣ ከ6 ወር በታች ላለ 50,000 ነው። ዓይኑ ላይ ጉዳት ከታየ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ሦስተኛ ይጨመርለታል። ይህን መጠን ነፍሰ ጡር እንዳትወስደው። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መጠጣት ካቃተው፣ አፉ ውስጥ ጥልቅ ቁስል ካለ፣ የዓይኑ ጥቁር ከደፈረሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

አማትዎን በተመለከተ፣ ስለ ልጆቹ ሰግተው ነው የሚናገሩትና በአክብሮት ያስረዷቸው። የሚከተቡት የታመመው ሳይሆን ያልታመሙት ናቸው። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይንገሯቸው፦ ከክትባቱ በኋላ በሁለትና በሦስት ቀን ኩፍኝ ቢወጣ ቫይረሱ ቀድሞ ገብቶ የነበረ ነው፤ መርፌው ያመጣው አይደለም። ክትባቱ ራሱ በአንዳንድ ልጅ ላይ የሚያስከትለው ቀላል ትኩሳትና ሽፍታ ከሳምንት እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ የሚመጣ ነው፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ይህ ሳይነገራቸው ቀርቶ ሽፍታው ከወጣ ከዚያ ቤት ማንም ዳግመኛ አይከተብም። ቤቱን አጨልሞ መዝጋቱም ይቅር፤ ቫይረሱ በሽተኛው ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል፤ መስኮት ይከፈት፤ ዓይኑን ብርሃን ካስቸገረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ።

ጥያቄ፦ ደም ልለግስ ሄጄ ሄፓታይተስ ቢ አለብህ ተባልኩ። ባለቤቴና አራት ልጆቼ ወዲያው ይከተቡ ወይ? መሶብስ እንለይ? (አባወራ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ መሶብ አይለይም፤ ጉርሻም አይቀርም። የሚለየው ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥፍር መቁረጫና ደም የነካው ነገር ሁሉ ነው። የባለቤትዎ ውጤት እስኪታወቅ፣ ነፃ ከሆነችም ተከትባ መከላከያ ማግኘቷ እስኪረጋገጥ ድረስ ኮንዶም ተጠቀሙ።

ከመከተብ በፊት ምርመራ ይቅደም። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሳይመረመሩ ሦስቱንም መርፌ ተወግተው ከዓመታት በኋላ ቫይረሱ ሲገኝባቸው «ክትባቱ አልሠራም» ይላሉ። ክትባቱ የገባውን አያወጣም። በተለይ እናት ቫይረሱ ካለባት ልጅ በወሊድ ጊዜ ይያዛል፤ በወሊድ የተያዘ ሕፃን ከ10 ዘጠኙ በሽታው ሥር ሰዶበት ይቀራል፤ ጤነኛ አዋቂ ከተያዘ ግን ሥር የሚሰድበት ከ20 አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የባለቤትዎ ምርመራ ከሁሉ ይቅደም። ቫይረሱ ካለባትና ወደፊት ከወለደች፣ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ ይኖርበታል።

ልጆቹን በተመለከተ ካርዳቸውን ያውጡ። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው «ፔንታ» የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን ይዟል። ሦስቱም ከተሞሉ ከእርስዎ ብዙም አያሰጋቸውም፤ ቢሆንም አንዴ ይመርመሩ። ምርመራው ነፃ ናቸው ያላቸውና ያልተከተቡ ሁሉ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላና በስድስተኛው ወር ይወስዳሉ። ለአዋቂ የሚወጋው ክንድ ላይ ነው፤ መቀመጫ ላይ ከሆነ ስብ ውስጥ ስለሚቀር ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል። ይህ ክትባት ከኩፍኙ በተቃራኒ ሙቀትን በመጠኑ ይችላል፤ ከበረደ በኋላ ቢቀልጥ ግን ከንቱ ነው፤ ከግል ክሊኒክ የምትገዙ ከሆነ ከማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል የወጣ እንዳይሆን ተመልከቱ።

እንደ ባለቤትዎ ለሚጋለጥ ሰው መርፌውን ጨርሶ መሄድ አይበቃም። ከመጨረሻው መርፌ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ የመከላከያው መጠን በደም ይለካ፤ በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ዩኒትና ከዚያ በላይ ከሆነ በቂ ነው። ከጤነኛ ጎልማሳ ከ10 ዘጠኙ በላይ ይህን ያልፋሉ። ካላለፈች ሦስቱ መርፌዎች እንደገና ይሰጧታል።

ጥያቄ፦ ኮቪድ ላይ አስትራዜኔካ ተከትቤ ነበር፤ ግን ከባለቤቴ ያዘኝ። ያኔ ለምን ተከተብን? (መምህር፣ ከአራዳ)

መልስ፦ መምህር፣ መጀመሪያ መለየት ያለበት «ሠራ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ነው፤ አለመያዝ፣ ይዞ አለመታመም፣ ታምሞ ሆስፒታል አለመግባት ለየብቻ ይለካሉ። በስፔን ናቫራ በሚባለው አካባቢ ከጥር እስከ ሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. በሽተኛ የነኩ ሰዎች ሁሉ ምልክት ኖራቸውም አልኖራቸው ተመርምረው ነበር። ሁለት ጊዜ ፋይዘር የተከተቡት ከመያዝ የተጠበቁት 65 ከመቶ፣ ምልክት ካለው ሕመም 82 ከመቶ፣ ሆስፒታል ከመግባት 94 ከመቶ ነው። በአንድ ጊዜ አስትራዜኔካ 44፣ 50 እና 92 ከመቶ ሆኗል። አንድ ቤት እየኖሩ፣ አንድ አልጋ እየተጋሩ ከበሽተኛው የሚገባው ቫይረስ ብዙ ስለሆነ የመጀመሪያው ቁጥር ዝቅ ይላል፤ የመጨረሻው ግን ጸንቶ ቆሟል። እርስዎ ተይዘው ቤትዎ አገግመው ከሆነ ከዚህ ስሌት ውጭ አልወጡም።

እንግሊዝ አገር ደግሞ በዚያው ዓመት፣ ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ የተከተበ በሽተኛ ለቤተሰቡ የማስተላለፍ ዕድሉ ካልተከተበው ከ40 እስከ 50 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ታይቷል። ኦሚክሮን ከመጣ በኋላ ከመያዝ የሚጠብቀው በወራት ውስጥ ይሟሽሽ ጀመር፤ ከጽኑ ሕመም የሚጠብቀው ግን ረዘም ብሎ ቆይቷል። ባለቤትዎ ከታመሙ በኋላ ሮጦ መከተብ ለዚያ ጊዜ አይደርስም ነበር፤ ክትባቱ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ቫይረሱ ግን በቀናት ውስጥ ነው የሚያሳምመው።

ጥያቄ፦ ልጄን ውሻ ነክሶት የእብድ ውሻ ክትባት ጀምሯል። አብረነው የምንበላው እኛስ? (ከማክሰኝት)

መልስ፦ እናንተ አያስፈልጋችሁም፤ የውሻው ለሃጭ ቁስላችሁን ወይም ዓይንና አፋችሁን ካልነካ። ልጁ ግን ቀጠሮ እንዳያልፍበት፤ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ካልታጠበም አሁንም ይታጠብ። ጥልቅ ቁስል ከሆነ ከክትባቱ ሌላ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ መድኃኒት ስላለ ሐኪሙን ይጠይቁ። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት እስኪያሳይ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ስለሚቆይ፣ ከነከሰ በኋላ የተሰጠ ክትባት ይቀድመዋል። ምልክት ከታየ ግን የሚያድን የለም።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ቤት ኩፍኝ ገባ ሲባል የ11 ወር ልጄን ይዤ ሮጥኩ። አንድ ጤና ተቋም «ለአንድ ልጅ ብልቃጥ አይከፈትም፤ ሐሙስ ነይ» ብለው መለሱኝ። ትክክል ነው? (ከሳሙና በር)

መልስ፦ ትክክል አይደለም። ምክንያታቸውን ግን እናውቀዋለን፤ አንድ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ይሆናል፤ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋል፤ ባለሙያው ስለደፋው ይጠየቃል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት የሚል ነው፤ ብክነቱ አስቀድሞ የታሰበበት ነው። በሽተኛ ለነካ ልጅ ሲሆን ደግሞ «ሐሙስ» ማለት 72ቱን ሰዓት መጣል ነው።

እንዲህ ሲገጥምዎ «ልጄ ኩፍኝ ተጋልጧል፤ የጎረቤቴ ልጅ ሽፍታ የወጣበት በዚህ ቀን ነው» ብለው ቀኑን ይናገሩ፤ ያኔ ተራ ክትባት መሆኑ ይቀርና የወረርሽኝ ጉዳይ ይሆናል፤ ባለሙያውም ለበላዩ ሪፖርት ማድረግ አለበት። ከዚያው ሰፈር ያልተከተቡ ልጆች ያሏቸውን እናቶች አስተባብረው ይዘው ቢሄዱ ብልቃጡም አይባክንም። እንቢ ካሉ ክትባት በየቀኑ ወደሚሰጥበት ትልቅ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በዚያው ቀን ይለፉ። ካርዱን ይያዙ፤ ካርድ ከጠፋ ያለ ካርድም ይከተባል፤ አዲስ ካርድ ላይ ቀኑ ይጻፍልዎ። ተከትቦ ሲወጣም ለ15 ወሩ ቀጠሮ ያስይዙ።